አክስቴና የጾም ጠረጴዛዋ

ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ማሳመሪያ ቅብ የተቀባን ጠረጴዛ ውበት ለማየት ጎንበስ ብሎ ብርሃኑን ከጎን መመልከት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ካሉት ዘመዶቼ መካከል እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም። እነሱ ጠረጴዛ የሚያዩት ምን እንደቀረበበት ለማወቅ ብቻ ነው።

የአክስቴን የድሮ የዋንዛ ጠረጴዛ ያደስኩት ራሴ ነኝ። ቅርፊት የመሰለውን ጎማላካ በአልኮል ዘፍዝፌ አሳድሬ በጨርቅ አጠለልኩት። ከዚያ ጥጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጠብ የምትል ዘይት አስነክቼ፣ እጄን እያሽከረከርኩ እቀባ ጀመር። በዚህ ሥራ እጅ ለአፍታ ከቆመ ጨርቁ ይጣበቃል፤ ሲነሳም የተቀባውን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ስልክ ቢጮህ አይነሳም፤ ሰው ሰላም ቢል በአገጭ ነው መልሱ። ስሱን በስሱ ላይ እየደረብኩ፣ ዋንዛው ከውስጡ መብራት የበራበት እስኪመስል ደረስኩ። ማሳረጊያው ሰም ነው፤ ከጠጅ ቤት ያመጣሁትን ሰፈፍ አንጥሬ፣ በተርፐንታይን አለስልሼ ቀባሁና በሱፍ ጨርቅ ወለወልኩት። ቤቱ ማር ማር ሸተተ።

ዕለቱ እሑድ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ዘመድ ተሰብስቧል፤ የሽሮው ድስት መሀል ላይ ተቀምጧል።

«ምን ብትቀባው ነው እንዲህ ያማረው?» አለችኝ አክስቴ።

ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ስለነበር አንድም ነገር አላስቀረሁም። በሕንድና በታይላንድ ላክ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ላይ እንደምትኖር፣ ሴቷ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች ሙጫ መሰል ነገር እንደምታመነጭ፣ ሰዎችም ከቅርንጫፉ ፍቀው እንደሚያነጥሩት አስረዳሁ። የድሮ የሸክላ ሙዚቃ ሳይቀር ከዚሁ ይሠራ እንደነበር ጨመርኩ።

አክስቴ የሰማችው ግን አንዲት ነገር ብቻ ነው። «ትል ነው የቀባኸው?» አለችና የሽሮውን ድስት ብድግ አደረገችው።

ሐዋሳ ውስጥ ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር መቼም አልቆ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ጠረጴዛ ተጨመረበት። አጎቴ አረቄውን እንደያዘ ለእኔ ቆመ። «ማርስ ከንብ አይደለም እንዴ? በጾም ትልሺው የለም?»

«ንብና ትል አንድ ናቸው?»

እኔም አንዳንድ ኪኒንና ከረሜላ ላይ የምናየው አንጸባራቂ ልባስ ይኸው ነው ብዬ ላግዘው ሞከርኩ። አክስቴ የደም ግፊት ኪኒኗን የያዘውን ቦርሳ በዓይኗ ፈለገች። ከአጠገቧ የተቀመጠው የልጅ ልጇ ከረሜላውን ከአፉ አውጥቶ፣ አገላብጦ አይቶ መልሶ ጎረሰው። በዚያ ቤት አመዛዝኖ የወሰነ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

አጎቴ በዚህ ሲስቅ አረቄው ፈሰሰ። ደግሞ ተራ አረቄ አይደለም፤ ሁለቴ የወጣ ዳግም ነው። ማንም ግድ አላለውም፤ ብርጭቆውን እዚያው እርጥቡ ላይ አስቀምጦ ክርክሩን ቀጠለ። ጎማላካ ግን የቱንም ያህል ቢደርቅ አልኮል ካገኘ ይሟሟል፤ ሰሙም አያድነውም። አጎቴ እንደገና ሊጎነጭ ሲል ብርጭቆው አልነሳ አለ። ሳብ ሲያደርገው ጠረጴዛው አብሮ ተንቀሳቀሰ።

«ይሄ ትል ይናከሳል!» አለ።

በኃይል ሲመነጭቀው ብርጭቆው ተላቀቀ፤ ውስጡ የቀረው አረቄ ግን ደረቱ ላይ አረፈ። በብርጭቆው ቦታ ነጣ ያለ ክብ ቀረ። ከጎኑ ደግሞ የረጠበው ዳንቴል ሲነሳ አበባው ከነቅጠሉ በጎማላካው ላይ ታትሟል። እንዲያ ያለ ጥርት ያለ ሥራ በማተሚያ ቤትም አይገኝም።

እኔ አልደነገጥኩም። የጎማላካ ደግነቱ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሟሙቶ አንድ መሆኑ ነው፤ እንደ ቫርኒሽ ሙሉውን ፍቆ መጀመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት አክስቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝና የነፍስ አባቷ ዘንድ ደወለች። ነገሩን ከሕንድ ዛፍ ጀምራ እስከ አጎቴ ደረት ድረስ ነገረቻቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ፊቷ ቅይር አለና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተን ነው የሚፈልጉት።»

ለተግሣጽ ተዘጋጅቼ ተቀበልኩ።

«ልጄ» አሉኝ አባ፣ «እኛም ቤት አንድ የዋንዛ ቁምሳጥን አለች። በስንት ትቀባልኛለህ?»