ሁለት ራውተር፣ አንድ ጌትዌይ
ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ዋልኩ። አንዱ ራውተር ሲስኮ፣ ሌላው ማይክሮቲክ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ጌትዌይነቱን (የቢሮው ኮምፒውተሮች ወደ ውጪ የሚወጡበትን በር) እንዲረከብ ነው የተፈለገው።

«ኤችኤስአርፒ አድርገው» አለኝ የአይቲው ልጅ። እሱማ ለዚህ ርክክብ የሚሆን የሲስኮ የግሉ ፕሮቶኮል ነው ወንድሜ! ለተደባለቀ ዕቃ ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ስታንዳርድ የሆነው ቪአርአርፒ አለ።

ተንኮሉ የቪአርአርፒው ቨርዥን ላይ ነው። ማይክሮቲክ ካልነኩት በ3 ይነሳል፣ የሲስኮ አይኦኤስ (የራውተሩ ሶፍትዌር) ደግሞ በ2። እንዲሁ ከተዋችኋቸው አይደማመጡም፤ ሁለቱም «ማስተር (ጌትዌዩን የያዝኩት) ነኝ» ይላሉ፣ በአንድ ዙፋን ሁለት ንጉሥ። ሁለቱንም 3 ላይ አደረግኳቸው። (ፓስወርድ ለምትፈልጉ፦ 3 ላይ የለም።)

ሲስኮው 120፣ ማይክሮቲኩ 100 ፕራዮሪቲ (ትልቁን የያዘ ማስተር ይሆናል) ይዘው የሲስኮውን ገመድ ነቀልኩት። ርክክቡ በስሌት 3.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ፒንጉ (የመስመር መፈተሻው) ትንሽ ቆረጥ አለና ቀጠለ። ቡና ላይ የነበሩት ሠራተኞች ቀናም አላሉ።

ግን ቪአርአርፒ የሚያየው የውስጡን ኔትወርክ ነው። ውጪ ፋይበሩ በቁፋሮ ቢበጠስ ማስተሩ አይነቃም። ስለዚህ ትራኪንግ (የውጪውን መስመር መከታተያ) ጨመርኩ፦ መስመሩ ሲሞት የሲስኮው ፕራዮሪቲ በ30 ይወርዳል፣ ማይክሮቲኩ ይረከባል።

የቀረው የሁለቱ ራውተሮች ፋይበር በአንድ ቱቦ መግባቱ ነው። ያ የሥራ አስኪያጁ ጉዳይ ነው፣ ነገ እንነጋገራለን።