ፓወር ስቲሪንግም ሰርቮም የሌላትን ኤምጂቢ እንዴት ለመድኳት

የምነዳት መኪና እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን የተሠራች ኤምጂቢ ናት። ሁለት ሰው ትጭናለች፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ሞተሯ 1,798 ሲሲ። ፓወር ስቲሪንግ የላትም። ፍሬኗን የሚያግዝ ሰርቮም የለም። ጎማ እንዳይቆልፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ጭራሽ አይነሳም። እዚህ ቨርጂኒያ የእኛ ሰዎች ሲያዩዋት ቀድመው የሚጠይቁኝ "አትከብድም ወይ?" ብለው ነው። ትከብዳለች። የምትከብደው ግን ቆማ ነው እንጂ ስትሄድ አይደለም፤ ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ሥራ ጨረሰ ማለት ነው።

የቆመ ጎማ ሲዞር ላስቲኩ አስፋልቱን እየፋቀ ነው። ያን ሁሉ ፍትጊያ የምትታገሉት በትከሻችሁ ነው። ጎማው ትንሽ እንኳ መንከባለል ሲጀምር መሪው ወዲያው ይላላል። ስለዚህ ከፓርኪንግ ስወጣ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን በስሱ እለቃለሁ፣ መኪናዋ ንቅንቅ ስትል ነው መሪውን የምጠመዝዘው። ወደኋላ ሄጄ ልቆም ስልም ጎማው ገና እየተንከባለለ መሪውን ቀጥዬ ወደምሄድበት አዙሬ እጨርሳለሁ፤ ስነሳ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ወንበሩንም ወደ መሪው ቀረብ ማድረግ ጥሩ ነው። ክንድ ታጠፍ ካላለ ጉልበት የለውም። አንዱ እጅ ወደታች ሲስብ ሌላው ወደላይ ይገፋል።

የጎማ ነፋስ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። መጽሐፏ ለራዲያል ጎማ ከፊት 21፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ ይላል። የፊቱ ሲጎድል መሪው ድንጋይ ይሆናል። ለማማር ብለው ሰፊ ጎማ የሚያስገቡ አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፤ መሪውን ከማክበዱም በላይ የመኪናዋን ዋና ጣዕም ነው የሚያጠፋው። መታጠፊያ ውስጥ ገብታችሁ የፊት ጎማው መሬቱን ሊለቅ ሲል መሪው እጃችሁ ላይ ቀለል ይላል። እጅ ላይ የሚደርስ ግልጽ መልእክት ነው፤ በዘመኑ መኪና እንዲህ ጥርት ብሎ አይሰማም።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። ሰርቮ የእግርን ጉልበት ያበዛል እንጂ መኪናዋን የመቆም አቅም አይጨምርላትም። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላት፣ ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም፤ ጠንክሮ ለረገጣት ጎማው እስኪቆልፍ ድረስ ትይዛለች። ችግሩ በዘመኑ መኪና የለመደ እግር ፔዳሉን ነካ ያደርግና መኪናዋ ዝም ስትል መደንገጡ ነው። እኔ የተለማመድኩት እሑድ ጠዋት፣ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ፍጥነቴን ወደ 50 ኪሎ ሜትር አድርሼ እረግጣለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ፣ ጎማው ሊቆልፍ ሲል ያለውን ስሜት እግሬ እስኪያውቀው ድረስ። የፊት ጎማ ከቆለፈ መሪ አይሠራም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ያኔ እግርን ላላ ማድረግ ነው፤ ጎማው መዞር ሲጀምር መሪውም ይመለሳል። ይህን በጭንቅላት ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የደነገጠ እግር በራሱ ላላ አይልም፣ መለመድ አለበት።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሀይዌይ 66 ላይ ከፊቴ ክፍተት እተዋለሁ፤ ሌላ መኪና ይገባበታል፤ እኔም እንደገና ወደኋላ እላለሁ። አይሰለቸኝም። የማየውም ከፊቴ ያለውን መኪና ብቻ ሳይሆን ከእሱ ወዲያ ያለውን ሦስተኛውን ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከ1968 ሞዴል በፊት የነበሩት ኤምጂቢዎች የፍሬን ዘይታቸው መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቢፈስ አራቱም ጎማ ፍሬን አይኖረውም። የሚቀረው በገመድ የኋላውን ታምቡር የሚይዘው የእጅ ፍሬን ነው። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን አያለሁ፣ ከጎማዎቹ ጀርባ እርጥበት እንዳለ እፈትሻለሁ፣ ከዚያ ፔዳሉን ረግጬ እይዛለሁ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ያን ቀን መኪናዋ አትወጣም፣ አለቀ። ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውኃ ይተንና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ቁልቁለት ካልኩ ስካይላይን ድራይቭን ላንሳ። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው፤ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል። ለዚህች መኪና ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አጎቴ የአሰብ መስመር የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይለኝ ነበር። ተሳቢ ጎትቶ ጣርማበርን ለወረደ ሰው ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ለትንሿ ኤምጂቢም ያው ነው። ገና ከአናቱ ሳልነሳ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አስገባለሁ፣ ሞተሩ ይይዛታል። ፍሬኑን ከመታጠፊያ በፊት ጠንከር አድርጌ ረግጬ እለቀዋለሁ፤ እግሬን ፔዳሉ ላይ አስተኝቼ አልወርድም፣ ምክንያቱም ዲስኩና ታምቡሩ የሚቀዘቅዙበት ጊዜ ይፈልጋሉ። ወደ አንደኛ መቀነስ ግን እየሄዱ አይሞከርም፤ የዚያ ዘመን ካምቢዮ አንደኛው ላይ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክለው ሲንክሮ ስለሌለው ፍሪሲዮን ሁለቴ ካልተረገጠ ማርሹ ይጮሃል።

ሰኞ ለሥራ የምነዳት ቶዮታ ናት። እግሬ ገና የኤምጂቢን ፔዳል ይዞ ስለሚመጣ ከግቢ ሳልወጣ ፍሬኗን ሁለት ሦስቴ በስሱ እሞክራለሁ፤ ያለዚያ መጀመሪያው መብራት ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ወደ መስታወቱ ነው የምወረውረው።