ብዙ በማይበርድበት ወቅት የአደን ካሞ መምረጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቨርጂኒያ ውስጥ የአጋዘን የቀስት አደን በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ይከፈታል። ዘንድሮ ከኛ ሰዎች ለመጀመር ያሰቡ በዝተዋል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ካሞ፣ ማለትም አዳኙን ከደኑ ጋር አመሳስሎ ስለሚደብቀው ልብስ ነው። የትኛው ሥዕል ይሻላል? ቅጠል ያለው ወይስ የዛፍ ቅርፊት የሚመስለው? እኔ ከዚያ አልጀምርም። አየሩ ለዘብ ባለበት ወቅት ልብስ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ድምፁን ነው። ቀጥሎ ላብን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከዚያ ልኩን። ሥዕሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ የሚለወጠው ተርኪ ለሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ብዙውን ጊዜ የምወጣው ከሸናንዶዋ ሸለቆ በስተምዕራብ ወዳለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። የኦክቶበር ተራራ አስቸጋሪ የሚሆነው በብርዱ አይደለም፤ በመለዋወጡ ነው። ጎህ ሳይቀድ 45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) የነበረው ከሰዓት 70 ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ቀስትና ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አለ። ከዚያ ደግሞ ለሰዓታት ማማ ላይ፣ ማለትም ዛፍ ላይ በሚታሰር መቀመጫ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ። አንድ ወፍራም ጃኬት ይህን ሁሉ አይችልም። ስትወጡ ያስልባችኋል፣ ስትቀመጡ ላቡ ይቀዘቅዝባችኋል።

ወደ ድምፁ ልመለስ። በቀስት ስናድን አጋዘኑ 20 ያርድ (18 ሜትር ገደማ) ድረስ እንዲቀርብ እንጠብቃለን። እዚያ ርቀት ላይ ሲደርስ የእጅጌ ኮሽታ እንኳ ይሰማዋል። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን በጥፍሬ እቧጥጠዋለሁ። እጅጌውን ከጎኔ ጋር አሻሸዋለሁ። ከዚያ ለብሼው እጄን ቀስት እንደሚስብ ሰው ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ እወስዳለሁ። የሱቁ ሙዚቃ ስለሚያታልል፣ ከቻልኩ የመልበሻው ክፍል ገብቼ በር ዘግቼ ነው የምሞክረው። እንደ ቺፕስ ከረጢት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር እመልሰዋለሁ። ፊቱ የተበጠረ ፖሊስተር፣ ስስ ፍሊስ (ለስላሳው ፀጉራም ጨርቅ) እና ሱፍ ድምፅ የላቸውም ማለት ይቻላል። ዝናብ የማያሳልፉት ጃኬቶች በአብዛኛው ይንኮሻኮሻሉ፤ ላብም ያፍናሉ። ስለዚህ ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ እንጂ ለብሼው አልሄድም። ዚፑንም እዩት። ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል ብረት ካለ ቆርጣችሁ በክር ተኩት።

ቀጥሎ ላብ። ጥጥ ለዚህ አይሆንም። ውኃ ይመጥጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከሥር የምለብሰው ስስ የሜሪኖ ሱፍ ነው፣ ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ለስላሳ ሱፍ፤ በስኩዌር ሜትር 150 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ዓይነት። ሜሪኖ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል፣ ሽታም ቶሎ አያበጅም። ጉድለቱም አይካድም። ከፖሊስተር ቀርፋፋ ነው አደራረቁ፤ ስስ ሲሆን ደግሞ በእሾህ ይቀደዳል። ለዚህ ነው ናይሎን የተቀላቀለበትን የምመርጠው። ዳገቱን በሜሪኖው ብቻ እወጣለሁ። ጃኬቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ማማው ሥር ስደርስ ትንፋሼ እስኪረጋጋ ጠብቄ ነው የምደርበው።

እዚህ ላይ ስለ ሰደርያ ማውራት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አየር ከጃኬት ይልቅ ባለ ፍሊስ ሰደርያ ይሻለኛል። ደረትና ጀርባን ያሞቃል፣ ክንድን ነፃ ይተዋል። ቀስት ስትስቡ ገመዱ የሚመታው እጅጌና የደረት ኪስ የለም። ረጅም እጅጌ ያለው ጃኬት የግድ ከሆነ፣ ከክርናችሁ እስከ አንጓችሁ ጠበብ ያለ ይሁን። ገመዱ እጅጌ ከነካ ፍላጻው አቅጣጫውን ይስታል። ልብሱን ስትለኩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ሳቡ እንጂ ቆማችሁ ብቻ አትለኩት። ከሥር የምትለብሱትንም ይዛችሁ ሂዱ።

ማማ ላይ ለሚወጣ ሰው ደግሞ የደህንነት መታጠቂያ አለ። ሙሉ አካል የሚይዘው መታጠቂያ ማሰሪያው ከኋላ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። መታጠቂያውን ከጃኬት በታች የሚለብስ ሰው ጀርባው ላይ ቀዳዳ የተሠራለት ጃኬት ያስፈልገዋል። ከላይ የሚለብስ ደግሞ ኪሶቹ በማሰሪያዎቹ እንዳይዘጉ ይመልከት። እኔ ከላይ ነው የማደርገው። ቀኑ ሲሞቅ ጃኬት ለማውለቅ ብዬ መታጠቂያ መፍታት አልፈልግም። ስለዚህ ፊቱን እስከ ታች የሚከፍት፣ ከሁለቱም ጫፍ የሚሠራ ዚፕ እፈልጋለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ በሱ አስተነፍሳለሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ። አጋዘን እንደኛ አያይም። የኛ ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ሴሎች አሉት፤ የአጋዘን ሁለት ብቻ። ቀይና ብርቱካናማን ከአረንጓዴና ከቡናማ መለየት ይቸግረዋል። ሰማያዊን ግን ከኛ በተሻለ ያያል። ለዚህ ነው በጂንስ ሱሪ አደን አይወጣም የምለው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። ለኔ ትልቁ ትምህርት የሆነው ስለ አልትራቫዮሌት ያለው ነው። የኛ ዓይን ይህን ጨረር አጣርቶ ያስቀረዋል፤ የአጋዘን ዓይን ግን ያሳልፈዋል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ፣ እነሱ በብዛት በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት፣ ብርሃኑ በሰማያዊና በአልትራቫዮሌት ያደላል።

ይህ ከልብስ ጋር የሚገናኘው በሳሙና በኩል ነው። አብዛኛው የልብስ ሳሙና ልብስን አድምቆ የሚያሳይ ኬሚካል አለው። ያ ኬሚካል አልትራቫዮሌትን ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ለኛ ልብሱ ንጹሕ መስሎ ይታየናል፤ ለአጋዘኑ ደግሞ በማለዳው ድንግዝግዝ ያበራበታል። ስለዚህ ይህ ኬሚካል የሌለበት ሳሙና ግዙ። ማሽኑ ውስጥ የቀረ ሳሙና እንዳይነካውም አስቀድማችሁ ባዶውን አንድ ዙር በውኃ አስኪዱት። ትንሽ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ርካሽ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ልብሱ ላይ አብሩበት፤ በሰማያዊ ካበራ ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ልብስ የምትገዙ ሰዎች በተለይ ይህን ሳታደርጉ አትልበሱት። ያገለገለ መግዛትን እኔ በጣም እደግፋለሁ፤ ጥሩ የሱፍ ጃኬት በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ብቻ የቀድሞው ባለቤት በምን እንዳጠበው አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ የሥዕሉ ጉዳይ ይቀልላል። ለአጋዘን የሚጠቅመው የሰውነታችሁን ቅርጽ የሚበታትን፣ ብሩህና ጥቁር ቦታዎቹ ሰፋ ያሉ ሥዕል ነው። ቅጠሎቹ ደቃቅ ከሆኑ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ላይ ተቀላቅለው ጥቁር ጥላ ይመስላሉ። ለአዳኞች ተብለው ከተሠሩት ቀደምት ካሞዎች አንዱ ገበያ ላይ የወጣው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፤ ጂም ክራምሊ እ.ኤ.አ. በ1980 የዛፍ ቅርፊት የሚመስለውን ትሪባርክን ይዞ መጣ። ከዚያ በ1986 ሞሲ ኦክና ሪልትሪ የሚባሉት የካሞ ድርጅቶች ተከተሉ። ትሪባርክ ግራጫና ቡናማ ቅርፊት ብቻ ነበር፤ ማማው የተደገፈበትን ግንድ መምሰል በቂ ነበርና። ዛሬም አጋዘን ብቻ የምታድኑ ከሆነ፣ ሥዕል የሌለው ቡናማ ወይም ወይራማ የሱፍ ሸሚዝ ለብሳችሁ ሳትንቀሳቀሱ ብትቀመጡ ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን ከሥር ለሚለበሰው ሜሪኖና ለጥሩ ሱሪ አውጡት።

በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት ደግሞ ካሞው ብቻውን አይፈቀድም። ቨርጂኒያ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ መልበስን ታስገድዳለች፤ ከ2017 ወዲህ ደማቅ ሮዝም ተፈቅዷል። ላይኛውን አካል የሚሸፍን ወይም ኮፍያ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ለአጋዘኑ አይጎላም፤ ለሌላው አዳኝ ግን ሕይወታችሁ ነው።

ተርኪ ግን ሌላ ዓለም ነው። ማሽተት ላይ ደካማ ነው፤ ዓይኑ ግን የሚያስደንቅ ነው። ቀለም ከኛ በተሻለ ይለያል፣ አልትራቫዮሌትም ያያል፣ አንገቱን ትንሽ ካዞረ ዙሪያውን ይቃኛል። የፀደዩ ወቅት በኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ይጀምራል፤ አየሩ ሞቅ ያለ፣ ደኑም አዲስ አረንጓዴ ነው። የኦክቶበሩ ቡናማ እዚህ አይሠራም። መሬት ላይ፣ ከትከሻችሁ የሰፋ ዛፍ ተደግፋችሁ ትቀመጣላችሁ። ፊት፣ እጅ፣ አንገት ሁሉ መሸፈን አለበት። ነጭ ካልሲ ከሱሪ በታች ብቅ ካለ በቃ። በወንዱ ተርኪ ጭንቅላት ላይ የሚታዩት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ናቸውና ከነዚህ ቀለሞች አንዱንም፣ የውስጥ ካናቴራም ይሁን መሐረብ፣ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ሌላ አዳኝ ተርኪ ነው ብሎ ሊተኩስባችሁ ይችላል። ለዚህ አደን የምመርጠው በስስ ሜሪኖ ላይ የሚደረብ፣ አየር የሚያሳልፍ መረብ መሰል ልብስ ነው፤ ጨርቅ የተቆረጠ ቅጠል የተሰፋበት። ለሞቃት ቀን ከሱ የሚሻል አላየሁም። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል።

መዥገርን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አየሩ ለዘብ ሲል እሷም ንቁ ናት፤ ካሞ ጨርቅ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትታይም። መዥገር ስለምታስተላልፈው ላይም ስለሚባለው በሽታ ሁላችንም ሰምተናል። ለኛ ቁርጥና ክትፎ ለምንወድ ሰዎች ግን አልፋ-ጋል የሚባለው ይበልጥ ያሳስበኛል። ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር ከነከሰች በኋላ ሰውነት ለበሬ፣ ለበግና ለአጋዘን ሥጋ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ይህን ካወቁት መካከል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ነበሩ። ስለዚህ ሱሪዬንና ጫማዬን 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን፣ መዥገር የሚገድል መድኃኒት፣ እረጫቸዋለሁ። ከቤት ውጭ ይረጫል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይለበስም፣ ቆዳ ላይ አይደረግም። ድመት ያላችሁ እርጥቡን አታስጠጉባት፤ ይመርዛታል። ስትመለሱ የሚችለውን ልብስ ሳይታጠብ ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አስቀምጡት፤ መዥገር ይገድላል። ሜሪኖውን ግን እዚያ አታስገቡት፣ ይኮማተራል። እሱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ አንጥፋችሁ አድርቁት።

የመጨረሻው የቤታችን ሽታ ነው። የተቆላ ቡና፣ ዕጣን፣ ወጥ፣ የተነጠረ ቅቤ፤ ሁሉም ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ፍሊስ ደግሞ ሽታ ሲይዝ አይለቅም። የአደን ልብሴ ቤት ውስጥ አይሰቀልም። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጋራዥ ነው የሚያድረው። የምለብሰውም ደኑ አፍ መኪና ካቆምኩ በኋላ ነው። ይህም ሆኖ ነፋሱ ከናንተ ወደ አጋዘኑ ከነፈሰ የትኛውም ልብስ አያድናችሁም። ማማውን ነፋስ አይታችሁ ምረጡ።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት የፊት መሸፈኛ ነው። መነጽር ለምናደርግ ሰዎች ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው ጠዋት በተለይ። አፍንጫ ላይ ስስ ሽቦ ያለውን ሞክሬ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ለኤፕሪል ፊትን በቀለም መቀባቱን ልሞክር ነው። ከናንተ መላ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።