በገናው በመስኮት በኩል ተቀመጠ

በገናን ለአውሮፕላን የዕቃ ክፍል አሳልፎ መስጠት አልወድም። ገበታው፣ ማለት የድምፅ ሣጥኑ፣ ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው፤ አውታሮቹ የበግ አንጀት ናቸው፤ ሻንጣ የሚጭነው ሠራተኛ ደግሞ ከጨርቁ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በገና እንዳመጣላት አደራ ስትለኝ፣ ከጎኔ ተቀምጦ የሚሄድ ከሆነ እሺ አልኋት።

ማዘጋጃ ቤቱን ከኋላዬ አድርጌ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረድሁ። የባህል ዕቃ መደብሮቹ ለጌጥ የተሠሩ ትንንሽ ማሲንቆዎችን ደጃፍ ላይ ሰቅለዋል። እኔ የምፈልገው ግን የሚደረደር በገና ነበርና እየጠየቅሁ ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ደረስሁ።

«ልጄ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ያስገቡልሃል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ክራር እንኳ በሠራተኞቹ በጎ ፈቃድ ካልሆነ በቀር አያልፍም። ለበገና ያለው መንገድ የራሱን ወንበር መግዛት ነው፤ ገንዘቡ ያማል፣ ግን የተሰነጠቀ ገበታ ይበልጥ ያማል።

«ጋሼ፣ ወንበር ገዝቼለታለሁ» ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ወዲያውም መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ማላላት ጀመሩ። «አሥሩም አሥርቱ ቃላት ናቸው፤ አንዱም እንዳይበጠስ» እያሉ ነበር የሚያዞሩት። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ቆዳው ይኮማተራል፤ አውታሩም እንደተወጠረ ከቆየ ጫናው ሁሉ ገበታው ላይ ያርፋል። አውታሮቹ ሲላሉ ከቆዳው በላይ ደግፎ የሚይዛቸው በርኩማ ከቦታው ለቀቀ። እሱን በቁራጭ ነጠላ ጠቀለሉት። ያንን የንብ መንጋ የሚመስል ንዝረት የሚሰጡትን የእንዝራ ቁራጭ ቆዳዎች ደግሞ በወረቀት ለብቻ አሰሩልኝ።

ቦሌ ላይ በገናው በፍተሻ መሣሪያው ስላልገባ በእጅ ተፈተሸ። ፈታሿ ገበታውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ባዶ ነው?» አለችኝ፤ ባዶ መሆኑን አይታ አሳለፈችኝ። አስተናጋጆቹ በመስኮት በኩል አስቀምጠው በሁለቱ ዓምዶች መካከል ቀበቶ አሳለፉለት፤ እኔም ከጀርባው ጋቢዬን ጎዘጎዝሁለት።

የአክስቴ ልጅ እንደተቀበለችኝ ልትቃኘው ቸኮለች። ባለሙያው ያሉኝን ነገርኋት፦ መጀመሪያ ቆዳው የቤቱን አየር ይልመድ፤ አውታሮቹን ቀስ በቀስ ማጥበቅ፤ አንጀት አዲስ ሲወጠር ስለሚላላም ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሞ መቃኘት።