86 ሳንቲሜትር

ኢንቮይሱ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የሕፃናት ልብስ፣ ጥጥ»። ካርቶኖቹን ስንከፍት ግን ከ68 እስከ 104 ቁጥር (ቁጥሩ የልጁ ቁመት በሳንቲሜትር ነው) ተደባልቆ ታሽጓል። ቀኑን ሙሉ ስንለይ ዋልን። ከዚያ ወዲህ አስመጪ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የልብሱን ቁጥር ነው።

ለምን መሰላችሁ? ቀረጥ በሚሰላበት የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ሕፃንነት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው። የኤችኤስ (ዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ ቁጥር ሥርዓት) ምዕራፍ 61 እና 62 ማስታወሻዎች፣ ቁመቱ ከ86 ሳንቲሜትር ለማይበልጥ ልጅ የተሠራውን ነው የሕፃን ልብስ የሚሉት። 86 ቁጥር ይገባል፣ 92 ወጣ። የሚታየው ደግሞ የልጁ ቁመት እንጂ የልብሱ ርዝመት አይደለም፤ ሜትር ዘርግቶ ሸሚዙን ከአንገት እስከ ጫፍ የሚለካ ሰው ገጥሞኛል፣ በዚያ ስሌት የአምስት ዓመት ልጅ ሸሚዝም የሕፃን ሆኖ ቁጭ ይላል። «18 ወር» የሚል ምልክትም ብቻውን አያስተማምንም፣ የአንዱ ፋብሪካ 18 ወር ከሌላው ይለያል። የመጠን ሰንጠረዡን በሳንቲሜትር አስልኩ።

ቀጥሎ ጨርቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። ሹራብ ሲባል ወፍራም የብርድ ጊዜ ልብስ ነው የሚታየን። ግን ስስ ቲሸርት ወስዳችሁ ጨርቁን በሁለት እጅ ወጠር አድርጉና በማጉያ መነጽር እዩት፦ ክሩ ቀለበት እየሠራ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል። ይሄ የሹራብ አሠራር ነው፣ የሕፃን ከሆነ አንቀጽ 6111 ይገባል። የቲሸርት አንቀጽ 6109 መሆኑ አያሳስባችሁ፣ ለሁለቱም የሚሆን ልብስ ሲመጣ 6111 እንደሚቀድም ማስታወሻው ራሱ ይናገራል። ድርና ማግ ሆኖ ከተሸመነ ደግሞ 6209 ነው።

ከዚያ የክሩ ዓይነት ይመጣል። 6111.20 ጥጥ፣ 6111.30 እንደ ፖሊስተር ያለ ሲንተቲክ ክር፣ 6111.90 ሌላው። ድብልቅ ከሆነ በክብደት የሚበልጠው ይወስናል፤ 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር ከሆነ ጥጥ ነው።

ከ86 በላይ ሲሆን ሥራው ይበዛል። ሸሚዙ ከሸሚዝ፣ ቀሚሱ ከቀሚስ፣ የወንዱና የሴቱም ተለይቶ ይሄዳል። ፊት ለፊት በሚቆለፍ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት ይባላል፤ ልብሱ የማን እንደሆነ መለየት ካልተቻለ ወደ ሴቶቹ አንቀጽ ይሄዳል። ኮፍያ በየትኛውም መጠን ምዕራፍ 65 ነው። ዳይፐር 9619። ሶል ያልተለጠፈለት ወይም ያልተሰፋለት የሕፃን የሹራብ ጫማ ግን እዚያው 6111 ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ኤችኤስን በሚጠቀም አገር ሁሉ አንድ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አሃዝና የቀረጥ መጣኔውን እያንዳንዱ አገር ራሱ ያወጣል። ስለዚህ ጎረቤት አገር የከፈለውን ሰምታችሁ ሒሳብ አትሥሩ፣ እባካችሁ። ይሄ ሰው ገንዘብ ተበድሮ የሚያስመጣው ዕቃ ነው፣ መጋዘን በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጥርበታል።

ጭነቱ ሳይነሳ አቅራቢውን ኢንቮይሱን እንዲህ ከፋፍሎ እንዲጽፍ ጠይቁት፦ «የሕፃን ቱታ፣ በሹራብ አሠራር፣ 100 በመቶ ጥጥ፣ ቁጥር 68–86፣ 240 ፍሬ»። 92 እና ከዚያ በላይ ያለው በሌላ መስመር፣ ቢቻል በሌላ ካርቶን።