የቅዳሜ 2፡00 ትኬት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አረጋውያን አባላቱን ይዞ አሬና ስቴጅ ወደተባለው ቲያትር ቤት ሊሄድ ተነሣ። አስተባባሪዋ 22 ትኬት በቡድን ዋጋ ቀደም ብላ ቆረጠች። ከዚያም በቫይበር ግሩፑ ላይ «ቅዳሜ 2፡00 ሰዓት በር ላይ እንገናኝ» ብላ ጻፈች።

ቀኑ ደርሶ ትርኢቱ ሊጀመር ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ የቆሙት 13 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ደወለች።

«እማማ፣ የት ደረሳችሁ?»

«ኧረ ልጄ፣ ገና ቤት ነን! ማታ ሁለት ሰዓት አይደል እንዴ?»

የዚያን ቅዳሜ ሁለት ትርኢት ነበር፤ አንዱ 2፡00 ፒኤም፣ ሌላው 8፡00 ፒኤም። ለኛ ሰው ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም። የፈረንጁ 2፡00 በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የፈረንጁ 8፡00 ደግሞ በኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የተሳሳተ ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ቢያይ እንኳ የጠበቀውን ቁጥር ስለሚያገኝ አይጠራጠርም።

የቀሩትን ደቂቃዎች እየደወለች ጨረሰቻቸው። መሄድ የነበረባት ወደ ትኬት መስኮቱ ነበር። ትርኢቱ ሳይጀመር ዘጠኙን ትኬት ወደ ማታው ለማዛወር መጠየቅ ይቻላል፤ ቦታ ካለና የቤቱ ደንብ ከፈቀደ ይሳካል፣ ምናልባት ትንሽ ክፍያ ይኖረዋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግን ትኬቱ ሞቷል። ማዛወር ካልተቻለም መልሶ መስጠት ይሻላል። ለትርፍ የማይሠሩ ቲያትር ቤቶች የትኬት ገቢያቸው ወጪያቸውን ስለማይሸፍን በልገሳ ነው የሚኖሩት፤ ብዙዎቹ የተመለሰ ትኬትን እንደ ልገሳ ቆጥረው ለግብር የሚሆን ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ወንበሩንም ለሌላ ሰው ይሸጡታል። አሬና ስቴጅ ከ1950 ጀምሮ የቆየው እንዲህ ባለው ድጋፍ ጭምር ነው።

ፊቻንድለር በሚባለው አዳራሽ መድረኩ መሀል ላይ ሆኖ ተመልካቹ በአራቱም በኩል ስለሚቀመጥ፣ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ለተዋንያኑም ማዶ ለተቀመጠውም ሰው ፊት ለፊት ይታያል። ተዋንያን በተመልካቹ መሀል ባሉት መተላለፊያዎች ስለሚገቡና ስለሚወጡም፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው አስተናጋጁ እስኪፈቅድለት ውጭ ይጠብቃል።

መልእክቱ መጻፍ የነበረበት እንዲህ ነው፦ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በአሜሪካ 1፡00 ፒኤም በር ላይ እንገናኝ። ትርኢቱ በኛ 8 ሰዓት ይጀመራል።» የትኬቱን ፎቶም አያይዙ። ስልክ ለማይከፍቱት በቃል ይነገራቸው፣ መልሰው እንዲናገሩትም ይጠየቁ።

ትኬት ሲቆረጥ የአዳራሹን ስም ይዩ፤ ሕንፃው ውስጥ ፊቻንድለር፣ ክሪገርና ክሬድል የሚባሉ ሦስት አሉ። ደረጃ የሚከብዳቸው ወይም ዊልቸር የሚጠቀሙ ካሉ በኢንተርኔት ከመግዛት ስልክ ደውሎ ደረጃ የሌለበትን ቦታ መጠየቅ ይበጃል።

በባቡር ለሚመጡ ጣቢያው በግሪን ላይን ዋተርፍሮንት ነው፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን የሚመጣ ፎርት ቶተን ላይ ይቀይራል፤ ከአሌክሳንድሪያ በየሎ ላይን የሚመጣ ላንፋንት ፕላዛ ላይ ቀይሮ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል። ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት የከተማውን የቤዝቦል ቡድን የናሽናልስን ፕሮግራም ተመልከቱ። ስታዲየሙ ከዋተርፍሮንት ቀጥሎ ባለው ጣቢያ በኔቪ ያርድ አጠገብ ስለሆነ፣ በጨዋታ ቀን ባቡሩ ይጨናነቃል፣ የመኪና ማቆሚያም ይወደዳል።