ከታች የከበደ ስታቢላይዘር ስህተት ይደብቃል

ሞተር በሌለው የእጅ ስታቢላይዘር (ካሜራው ከላይኛው ሰሌዳ፣ ክብደቶቹ ከታችኛው ሰሌዳ ላይ የሚታሰሩበት፣ ሁለቱን ሰሌዳዎች ዘንግ የሚያገናኛቸው፣ ምስል እንዳይናወጥ የሚረዳ መያዣ) የቀረጻችሁት ምስል፣ መራመድ ስትጀምሩና ስትቆሙ እንደ ዥዋዥዌ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ አረማመዳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ክብደቱን እዩት። ብዙ ጊዜ ከታች የተጫነው በዝቶ ነው።

ሚዛን የሚያዘው ለቀረጻ ሙሉ በሙሉ በተሰናዳ ካሜራ ነው፦ ባትሪውና ሚሞሪ ካርዱ ገብተው፣ የሌንሱ ክዳን ተነስቶ፣ ስክሪኑ ተከፍቶ። ዙም ሲደረግ ወደ ፊት የሚወጣ ሌንስ ከሆነ በምትቀርጹበት ርዝመት ላይ ይቁም። የአንገት ማንጠልጠያውን ፍቱት፤ እሱ ሲወዛወዝ ካሜራውንም ያወዛውዛል። ነፋስ በማይገባበት ክፍል ሥሩ።

ካሜራውን በተጋደመ ድቡልቡል የመጻፊያ እርሳስ ላይ አስቀምጡና ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማያዘነብልበትን ቦታ ፈልጉ፤ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ምልክቱ ከዘንጉ መሃል በላይ እንዲውል አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ ዘንጉ በራሱ እስኪቆም ድረስ በታችኛው ሰሌዳ ሁለት ጫፎች እኩል እኩል ክብደት ጨምሩ።

ዋናው ፈተና ቀጥሎ ያለው ነው። እጀታውን በአንድ እጅ ይዛችሁ ዘንጉን በሌላው አጋድሙትና ልቀቁት። ቀጥ እስኪል 2 ሰከንድ ገደማ ሊፈጅበት ይገባል። 1 ሰከንድ ሳይሞላ ከተመለሰ ከታች ከብዷል፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ቀንሱ ወይም ዘንጉን አሳጥሩ። ከ3 ሰከንድ በላይ ከተንቀራፈፈ ጥቂት ጨምሩ። ጨርሶ ካልተመለሰ ከላይ ከብዷል፤ ካሜራው ሊገለበጥ ስለሚችል የለቀቀው እጃችሁ ከአጠገቡ አይራቅ። ዘንጉ የሚረዝም ከሆነ ክብደት ከመጨመር ማስረዘሙ ይሻላል፤ የእጅ አንጓ ያርፋል፣ የረዘመው ዘንግም በትንሽ ንክኪ አያዘነብልም።

ብዙዎች የፊትና የኋላውን፣ የግራና የቀኙን ሚዛን አጥርተው ጨርሰው ነው ወደዚህ ፈተና የሚመጡት። ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከታች የከበደ ስታቢላይዘር ካሜራው በጥቂቱ ቢዛነፍም ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ክብደቱ ሲቀንስ ያው መዛነፍ በግልጽ ይወጣል። ስለዚህ የመውደቂያ ጊዜው፣ ማለትም የተጋደመው ዘንግ ተለቅቆ ቀጥ እስኪል የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከተስተካከለ በኋላ የላይኛውን ሰሌዳ በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር እያንሸራተታችሁ ጨርሱ። ፊቱ ካዘነበለ ወደ ኋላ፣ ቀኙ ካዘነበለ ወደ ግራ። ብሎኑን ስታጠብቁ ሰሌዳው ስለሚሸሽ፣ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና እዩት።

በለቀቃችሁት ቁጥር የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሚዛኑን አትነካኩ። ጂምባሉ (እጀታውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ተዟዟሪ መጋጠሚያ) ውስጥ አቧራ ገብቶ መዞሪያው እየያዘ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሳይጸዳ የትኛውም ልኬት አይጸናም።

ስትቀርጹ አንደኛው እጅ እጀታውን ይይዛል፤ የሌላው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጂምባሉ ሥር ዘንጉን ነካ ብቻ ያደርጋሉ። ጨብጣችሁ ከያዛችሁት የእጃችሁ ንቅናቄ በሙሉ ወደ ምስሉ ይገባል። ባትሪ በሌላ ዓይነት ባትሪ ከተቀየረ የመጨረሻውን ማስተካከያ ብቻ ድገሙት፤ ሌንስ ከተቀየረ ግን ከእርሳሱ ጀምሩ።